ግድግዳችን ላይ የሰቀልነውን አንብበነዋል?



ባለፈው ሸዋል ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አዲስ ጎጆ የወጡ ባልና ሚስት ቤት ተጠራን። ኢማማችንን ትንሽ አሟቸው ስለነበር ዱዓውን እንድናደርግ የተላክነው እኛ ነን። አራተኛ ፎቅ ወጥተን፣ ጫማችንን አውልቀን ገባን። ቤቱ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። የሶፋው ላስቲክ እንኳ አልተነሳም። ከሶፋው በላይ ግን ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የያዘ ነገር ተሰቅሏል፦ ባለ ሦስት ክፍል ካንቫስ፣ መደቡ ጥቁር፣ ጽሑፉ ወርቃማ። አያተል ኩርሲይ ነው ተባልን። የሙሽራው ጓደኞች ሰባት ሆነው አዋጥተው ያሠሩት ስጦታ ነው። አንደኛው ስልኩን አውጥቶ እየቀረጸ «ኡስታዝ፣ እስቲ ከዚህ ላይ ያንብቡልን» አለን።

ቀና ብለን አየን። አይነበብም። ፊደሎቹ የዐረብኛ ናቸው፤ ቃል ግን የለም። እያንዳንዱ ፊደል ታክሲ ሰልፍ ላይ እንደቆመ ሰው ለየብቻው ቆሟል። ከቀኝ ወደ ግራ መሄድ የነበረበት ከግራ ወደ ቀኝ ተደርድሯል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ካንቫስ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ አሊፍ፣ ላም፣ ላም፣ ሃ ተብሎ የተበተነውን የአላህን ስም ለሁለት ከፍሎታል።

ምን እናድርግ? ሰባቱም ቆመው ያዩናል። አያተል ኩርሲይ በቃል የሚቀራ ነውና ዓይናችንን ካንቫሱ ላይ ተክለን በቃላችን ቀራነው። «ማሻአላህ!» ተባለ። ቪዲዮውም ለዘመድ ወዳጅ ተላከ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ነገሩ ከነከነን፤ ያላነበብነውን ያነበብን አስመስለናልና። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ስንጽፍ እናንተን ከመምከራችን በፊት የራሳችንን ጥፋት ይዘን ነው የመጣነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚበላሽ እንንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ የምታሳትሙ ናችሁና። የዐረብኛ ፊደል እንደ አማርኛው አንድ መልክ ብቻ የለውም። አንዱ ፊደል ቃል ሲጀምር፣ መሐል ሲገባ፣ መጨረሻ ላይ ሲውል እና ብቻውን ሲቆም መልኩ ይለያያል። ፎቶሾፕም ሆነ ሌላ ፕሮግራም ለዐረብኛ ካልተስተካከለ ይህን አያውቅም። ከኢንተርኔት የተቀዳው ጽሑፍ ሲለጠፍ ይበታተናል፣ አቅጣጫውም ይገለበጣል። አታሚው ልጅ ዐረብኛ አያነብም፤ ለእሱ ሁሉም ያምራል። አዛዡም አያነብም። ተቀባዩም እንደዚያው። እንዲህ ሆኖ አንድ አያ በሦስት ሰው እጅ አልፎ ማንም ሳያነበው ግድግዳ ላይ ይወጣል።

አታሚዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ብዙዎቹ ተመርቀው ሥራ አጥተው፣ በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ማሽን እንጀራቸውን የሚያበስሉ ወጣቶች ናቸው። ቁርኣንን በትክክል የማድረስ ኃላፊነት ያለው ሙስሊሙ አዛዥ ላይ ነው።

ሌላው ችግር ነጥብ ነው። ባ፣ ታ፣ ሣ እና ኑን ቃል መሐል ሲገቡ መልካቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው ነጥብ ብቻ ነው። ከታች አንድ ከሆነ ባ፣ ከላይ ሁለት ከሆነ ታ፣ ሦስት ከሆነ ሣ፣ ከላይ አንድ ከሆነ ኑን። አሁን ፋሽን የሆነውን የግድግዳ ስቲከር ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ማሽኑ ፊደሉን ቆርጦ ያወጣና ሰው በእጁ ወደ ግድግዳው ያሸጋግረዋል። ፊደሉ ትልቅ ስለሆነ ይያዛል። ነጥቧ ግን ጥፍር የምታክል ለብቻዋ የተቆረጠች ቁራጭ ናት። ሲላጥ ከወረቀቱ ጋር ትቀራለች፣ ወይም ከወራት በኋላ አቧራ ጠራጊ ጨርቅ ይዟት ይሄዳል።

ይህን የምናውቀው ከሰው ቤት አይደለም። እኛው መድረሳ ግድግዳ ላይ ወጣቶቹ የሱረቱል ዐለቅን የመጀመሪያ አያ በስቲከር አሠርተው ለጥፈውልን ነበር። እዚያ አያ ላይ ያለችው «ኸለቀ» የምትለው ቃል «ፈጠረ» ማለት ናት። ከመጀመሪያው ፊደል ላይ አንዲቷ ነጥብ ስትነሳ «ሐለቀ» ትሆናለች፤ ትርጉሟም «ላጨ» ነው። ነጥቧ መቼ እንደወደቀች አናውቅም። በየቀኑ ከሥሯ ቁጭ ብለን ልጆች እናስቀራለን፣ ከዒሻ በኋላ ትልልቅ ሰዎች ይማሩባታል፣ ስንት እንግዳ አይቷታል። ያገኛት የአሥር ዓመት ልጅ ነው። እጁን አውጥቶ «ኡስታዝ፣ እዚህ ጋ እኮ ነጥብ የላትም» አለ። ዞር ብለን አየንና አፈርን። ለካ እኛም ግድግዳውን እናየዋለን እንጂ አናነበውም።

በዐረብኛ የቁም ጽሑፍ ጥበብ ውስጥ ነጥብ ትርፍ ነገር አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ940 የሞተው የባግዳዱ ኢብን ሙቅላ የፊደልን ልክ ያወጣው በነጥብ ነው ይባላል፤ ብዕሩ ወረቀት ላይ ሲጫን የሚተዋት ነጥብ መለኪያ ሆና አሊፍ ስንት ነጥብ ትቁም፣ ባ ስንት ነጥብ ትተኛ የሚባለው በእሷ ነው። ሙስሊሞች የሰውን ምስል መስቀል ትተው ፊደልን ወደዚህ ደረጃ አደረሱት። እ.ኤ.አ. በ1698 የሞተው የኢስታንቡሉ ሓፊዝ ዑስማን የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) መልክና ጠባይ የሚገልጹትን ዘገባዎች በክብ ውስጥ አሳምሮ የሚጻፍ «ሒልያ» አድርጎ ቅርጽ ሲያስይዘው፣ ሰዎች ሥዕል በሚሰቅሉበት ቦታ ያንን ሰቀሉ። ካንቫስ ላይ ዛሬ የምናየው ወርቃማ ጽሑፍ የዚያ ዘር ነው፤ ብዕሩን የሚያውቅ እጅ ግን መሐል ላይ ጠፍቶበታል።

ወደ ሙሽሮቹ እንመለስ። በሳምንቱ ለሙሽራው ደወልን። ዝም ብሎ አደመጠንና «ኡስታዝ፣ ሰባቱም የቀን ገቢ ያላቸው ልጆች ናቸው። ከአፋቸው ቀንሰው ነው ያዋጡት። ምን ብዬ ላውርደው?» አለን። ጥያቄው ከፊደሉ ጉዳይ ይከብዳል። አያው ሲበላሽ ዝም ማለት አንድ ጥፋት ነው፤ የወንድምን ልብ መስበርም ሌላ ጥፋት ነው።

መልስ ያገኘነው ቡኻሪና ሙስሊም ከዘገቡት ሐዲሥ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ያለው ልብስ ለብሰው ሰገዱ። ሲጨርሱ ጥለቱ ከሶላታቸው ሐሳባቸውን እንደወሰደባቸው ነገሩና ልብሱን ለአቡ ጀህም መልሱለት አሉ። እዚህ ላይ አላበቁም፤ በምትኩ የእሱን ጥለት የሌለውን ወፍራም ልብስ አምጡልኝ አሉ። ዑለማዎች ይህን ሲያብራሩ፣ ልብሱን ስጦታ ያደረገው ራሱ አቡ ጀህም ስለነበር ስጦታዬ ተመለሰብኝ ብሎ ልቡ እንዳይሰበር ሌላ ነገር ጠየቁት ይላሉ። እኛ ይህን ሐዲሥ መድረሳ ስንማር ስለ ኹሹዕ ብቻ የሚናገር ይመስለን ነበር። የስጦታ አደብ መሆኑ የገባን የጀሞው ሙሽራ ጥያቄ ሲያስጨንቀን ነው። መልስ፤ ግን ከዚያው ሰው ሌላ ጠይቅ።

ሙሽሪትም የራሷ ጉዳይ ነበራት። ፊት ለፊት በር ያሉት ክርስቲያን እናት ለቤት ምርቃት ሥዕል ሰጥተዋታል። ያቺን ሁላችሁም የምታውቋትን፦ ነጭ የለበሰች ሴት ከጀበና ቡና ስትቀዳ። ሙሽሪት ቁም ሣጥን ጀርባ ደብቃዋለች። እማማ ደግሞ ቡና ሊጠጡ በመጡ ቁጥር ግድግዳውን በዓይናቸው ይዞሩታል። «ኡስታዝ፣ ልስቀለው ወይስ ይቅር?» አለችን።

በዚህ ላይ የዑለማዎች ንግግር አንድ አይደለም። በእጅ የተሣለ ነፍስ ያለው ነገር ምስል ላይ ሐዲሦቹ ጠንካሮች ናቸው፤ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ሥዕል መተዳደሪያዬ ነው ላለው ሰው ዛፍና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሥል ነው የመከሩት። ፎቶግራፍ ላይ ግን ልዩነት አለ። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የሞቱት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አልሙጢዒይ ጥላን መያዝ እንጂ መፍጠር አይደለም ብለው የሚፈቅድ ጽሑፍ ጽፈዋል። ሌሎች ታላላቅ ዑለማዎች ደግሞ ፎቶም ቢሆን ግድግዳ ላይ አይሰቀል ብለዋል። እኛ የተማርነውም በቤታችን የምንሠራበትም ጥብቁን ነው። የአያቱን ፎቶ ሳሎን የሰቀለውን ወንድም ግን በር ላይ ቆመን አናሳፍርም።

ለሙሽሪት ያልናት ይህን ነው፦ ለእማማ በግልጽ ንገሪያቸው። ቁም ሣጥን ጀርባ መደበቅ እሳቸውን ማታለል ነው። ሃይማኖቴ እንዲህ ስለሚል ነው በያቸውና ሌላ ነገር ጠይቂያቸው። ሄደች፣ ነገረቻቸው። «ታዲያ እስካሁን ለምን ደበቅሽኝ ልጄ?» ብለው በእጃቸው የሰፉትን ባለ ቀለም ስፌት አውርደው ሰጧት። ሥዕሉ አሁን እማማ ሳሎን ነው፣ ስፌቱ ሙሽሪት ሳሎን። ሁለቱም ቤት አምሮበታል።

ስፌት ካልን አይቀር፣ የሐረርን ቤት ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ያለችው ጀጎል ውስጥ ሳሎን ስትገቡ ግድግዳው በስፌትና በሳሕን የተሞላ ነው። ሴቶቹ የሰፉት፣ ለሠርግ የተሰጠ፣ ከእናት ለልጅ የተላለፈ። ያ ቤት ከማንኛችንም ቤት ያነሰ የሙስሊም ቤት አይደለም። ይህን የምንለው በወጣቱ ዘንድ አያ ያልተሰቀለበት ግድግዳ የጎደለ ቤት እየመሰለ ስለመጣ ነው። ኢማም ነወዊ «አት-ቲብያን» በተባለው ኪታባቸው የቁርኣን አያዎችንና የአላህን ስም ግድግዳና ልብስ ላይ መጻፍ በሻፊዒይ መዝሀብ የሚጠላ መሆኑን ጠቅሰዋል። ማክበር ይቀርበታል ብለው ፈርተው ነው። በፍሬም መስቀልን የፈቀዱ ዑለማዎችም አሉና ያላችሁን አውርዱ አንልም። ግን ባዶ ግድግዳ ወንጀል አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ለኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች። ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ሳሎኑም መስገጃውም አንድ ክፍል ነው። ከአዲስ አበባ መካ ያለችው ወደ ሰሜን ነው፣ ትንሽ ብቻ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ። ስለዚህ የምትሰግዱበትን የሰሜኑን ግድግዳ እርቃኑን ተዉት። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የቤታቸውን ጥግ የጋረዱበት ባለ ምስል መጋረጃ ነበር፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሶላታቸው ውስጥ እየመጣባቸው ስለሆነ እንዲነሳ ማዘዛቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። የእሳቸውን ሐሳብ የወሰደ የእኛን ምን ያደርገው ይሆን?

ማሳተም የግድ ከሆነባችሁ ጽሑፉን አታስጽፉ፣ ገጹን በምስል መልክ ውሰዱ። መዲና የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የተከፈተው የንጉሥ ፋህድ የቁርኣን ማተሚያ የዑስማን ጣሃን ጽሕፈት በነፃ ያቀርባል፤ እሱ ምስል ስለሆነ አይበታተንም። ካንቫሱ አንድ ክፍል ይሁን። ከመታተሙ በፊት የሚያነብ ሰው ይየው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከሁሉ የሚሻለው ግን በእጅ የተጻፈ ነው። በየመድረሳው እጃቸው የሚያምር ደረሶች አሉ። እኛ ገጠር ስንቀራ ለውሕ የሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ በመቃ ብዕርና ከጥላሸት በተሠራ ቀለም ነበር የምንጽፈው። ሐርቡን ሸምድደን ስንጨርስ ለውሑን እናጥባለን፤ እጣቢው እንኳ ሰው እግር የማይረግጠው ቦታ ነበር የሚደፋው። ያንን የተማረ እጅ ዛሬ በየከተማው ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ለካንቫስ የምትከፍሉትን ለእሱ ክፈሉት።

ሙሽራው በመጨረሻ ሰባቱን ጠርቶ እኛ ባለንበት ነገራቸው። እኛም ያን ቀን አስመስለን እንደቀራን ተናዘዝን። አንደኛው ተቆጣ፤ «ያኔውኑ አትሉም ነበር?» አለን፤ ልክ ነው። ሌላኛው ደግሞ ሳቀና «ታዲያ ሁላችንም አናነብም ማለት እኮ ነው!» አለ። ካንቫሱ ተበታትኖም ቢሆን የአላህ ስም ያለበት ነውና ቆሻሻ ላይ አይጣልም። ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) ሙስሐፉን አንድ ሲያደርጉ ሌሎቹን ጽሑፎች እንዳቃጠሉ ሁሉ፣ ከእንጨቱ ገንጥለን አቃጥለን አመዱን ቀበርን። እንጨቶቹን ሙሽራው ለሌላ ፍሬም አስቀመጣቸው። ከሰባቱ አራቱ አሁን ከመግሪብ እስከ ዒሻ ፊደል እየቆጠሩ ነው። «ሣ»ን ከ«ታ» ለመለየት ይታገላሉ።

ቤታችሁ የተሰቀለ ነገር ካለና ካልተማመናችሁበት ከነፍሬሙ መሸከም አያስፈልግም፤ በስልካችሁ ነጥቡ እንዲታይ ቀረብ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱትና ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ይዛችሁ ኑ። የመድረሳው በር ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቃችኋለን። ያ የአሥር ዓመት ልጅም ከእኛ ጋር ይቀመጣል።