ብስክሌቱን አትስቀሉት

ወገኖቼ፣ በአገራችን ክረምት ሲባል ሐምሌና ነሐሴ ነው። እዚህ ሲያትል ግን ታኅሣሥ ላይ አሥር ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። በረዶው እንኳ በዓመት ጥቂት ቀን ቢጥል ነው፤ ቤት የሚያስቀረን ዝናቡና ጨለማው ነው።

በኦቴሎ ሰፈራችን በበጋ ብስክሌት የሚነዱ ብዙዎች ብርዱ ሲገባ ይሰቅሉትና እስከ ፋሲካ አያዩትም። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ባለፈው ሚያዝያ ወደ ቢከን ሂል የሚያወጣውን ዳገት ሞክሬ ግማሹ ላይ ወርጄ ገፋሁት። አንድ አባት አይተውኝ «ልጄ፣ አህያ ነው እንዴ የምትነዳው?» አሉኝ።

ልብና ሳንባ በበጋ ያካበቱትን አቅም ከጥቂት ሳምንት ዕረፍት በኋላ ማጣት ይጀምራሉ። የብዙዎቻችን ሥራ ደግሞ መቀመጥ ነው፤ ታክሲ ውስጥ፣ ፓርኪንግ ውስጥ። ስኳሩና ደም ግፊቱ በየቤቱ ገብቷል። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ኮራን፤ ኩራቱ ግን ሶፋ ላይ ተቀምጠን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ሲመክር ክረምትን ነፃ አላደረገም።

የኋላ ጎማውን የሚይዝ ማቆሚያ ካለ ሳሎን ውስጥ ይነዳል፤ ሰውነት ካሟሟቁ በኋላ አንድ ደቂቃ በኃይል፣ ሁለት ደቂቃ በዝግታ። ማቆሚያ የሌለው ደረጃ ይውጣ፣ ቁጭ ብድግ ይበል። ደረቅ ቀን ሲገኝ መብራት አብርቶ የቺፍ ሲያልዝ መንገድ አለ። የባቡሩን ሐዲድ ስታቋርጡ ግን ቀጥ ብላችሁ እለፉ፤ እርጥብ ብረት ጎማ ያንሸራትታል። በረዶ የጣለ ቀን ብስክሌት አይወጣም።

እኔ ቅዳሜ ጠዋት ካልዘነበ ኦቴሎ ባቡር ጣቢያ አጠገብ እገኛለሁ። እኚያ አባትም ቢመጡ ደስታውን አልችለውም።