ተመልካቹ አይገባውም የምትሉን

«ሕዝቡ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።» ይህን ሰበብ ከፕሮዲዩሰር አፍ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ያው ሀብታም ወንድና ያቺው ድሃ ልጅ፣ ያው ቪላ፣ ያው ሶፋ፣ ያው የሆቴል መዋኛ፤ ለምን ሲባሉ ጥፋቱን ሕዝቡ ላይ ይለጥፋሉ። ሕዝቡ ግን መቼ ተጠየቀ? ምግብ ቤት ገብቶ ሽሮ ብቻ የቀረበለት ሰው፣ ሽሮውን ስለበላ ሥጋ አይወድም ይባላል?

ፊልም ማየትና ማስተማር እንጀራዬ ነው። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ አንድ ነገር አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፦ ታሪክ ሰምቶ በመመዘን ረገድ የእኛን ተመልካች የሚያስተምረው የለም። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ። ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ሐተታው ረጅም፣ ነገሩ ከባድ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ግን ፊደል ያልቆጠረው ሰው ጭምር በጆሮው ብቻ ተከተለው። የመጽሐፉን ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሳን ዛሬም ድረስ እንደሚያውቀው ጎረቤት ያነሣዋል። «የቀን ቅኝት» የተባለው የሬዲዮ ድራማ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 ድረስ 257 ክፍል ተላልፏል። ያን ሁሉ ክፍል ማን አዳመጠው? «ትዕግሥት የለውም» የምትሉት ሕዝብ አይደለም እንዴ?

አዝማሪ ቤት ግቡና እዩ። «ተቀበል!» ብሎ ከወንበሩ ሳይነሣ ሁለት ፍቺ ያለው ስንኝ የሚወረውረው ሰው፣ ነገ ሲኒማ በር ላይ ቲኬት የሚቆርጠው ያው ሰው ነው። ማታ ወርቁን ከሰሙ ለይቶ የሳቀ ተመልካች፣ በማግስቱ ተዋናይዋ ለምን እንዳለቀሰች በቃል ካልተነገረው አይገባውም ብሎ ማሰብ ምን የሚሉት ንቀት ነው?

የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ ይህን ንቀት ገና ወጣት ሳለ አሽቀንጥሮ ጥሎታል። አባቱ ገሪማ ታፈረ የቴአትር ሰው ነበሩና ተመልካች ማለት ምን እንደሆነ ከቤቱ አውቆ ነው ያደገው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን በጥቁርና ነጭ ፊልም፣ የተዋናይነት ሙያ በሌላቸው ሰዎች፣ በአማርኛ ቀረጸው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ለዕይታ በቃ። በፊልሙ ባለርስቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወንበሩን አስቀምጦ ተቀምጧል። ከታች ጭሰኛው ያርሳል። ባለርስቱ ይሳደባል፣ ያዛል፣ እንደገና ይሳደባል። ካሜራው ራቅ ብሎ ይጠብቃል፤ አይቸኩልም፣ በሙዚቃም አያባብልም። ልጅቷ የጌታዋን ላም ከጎርፍ ላድን ስትል ውሃ ይወስዳታል። ጣሊያንን ተዋግቶ መሬቱን የተነጠቀው ከበበ ደግሞ «እብድ» ይባላል፤ እውነቱን የሚናገረው ግን እሱ ነው።

ይህን ፊልም ትምህርት ቤት ደጅ ረግጣ ለማታውቅ አክስቴ አሳየኋት። ጋቢዋን ተከናንባ ዝም ብላ ስታይ ቆየችና፣ «እየው፣ ከወንበሩ አይነሣም እኮ፤ ከተነሣማ ቁመቱ ይታወቃል» አለችኝ። ስለዚያ ትዕይንት ከጻፉት ምሁራን መካከል ይህን ያህል አጥርቶ ያየ ሰው አላጋጠመኝም። ይህንኑ ለአንድ ፕሮዲዩሰር ብነግረው፣ «ገበሬ ያለበት ፊልም ቲኬት አይሸጥም» ብሎ ነገሩን ዘጋው። የአክስቴን ዓይን ገበያ ላይ አላያትምና እንደሌለች ቆጠራት።

አሜሪካኖቹም ለኃይሌ ያሉት ይህንኑ ነበር። «ሳንኮፋ» የተባለው ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ታይቶ ሲመለስ የሚያከፋፍለው ኩባንያ ጠፋ። ስለ ባርነት እንዲህ ፊት ለፊት የሚናገር ፊልም ማን ያያል ተባለ። ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና በዋሽንግተን አዳራሽ ተከራይተው ራሳቸው አሳዩት፤ ጥቁሩ ሕዝብ ተሰልፎ ገባ። ከዚያም ከከተማ ወደ ከተማ ይዘውት ዞሩ። ዛሬ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማዶ ያለው የመጻሕፍት ቤታቸው ስሙ «ሳንኮፋ» ነው። ያን ጊዜ ገዢ የለውም የተባለውን ፊልም ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2021 አቀረበው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የተሳሳቱት ነጋዴዎቹ ናቸው፣ ተመልካቹ አይደለም።

የሙያ ጓደኞቼንም ዝም ብዬ አላልፋቸውም። በእነሱ አፍ ንቀቱ ሌላ ልብስ ይለብሳል፤ «የተመልካቹ ግንዛቤ መዳበር አለበት» ይባላል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ ስንቱ «የባህል ወረራ» ብሎ ጮኸ! እናቶቻችን የሠላሳ ባዕድ ሰው ስም፣ ዝምድናና ቂም ሳይዛነፍ በቃላቸው ይዘው፣ ቡና ላይ ማን ለምን እንደዋሸ ሲከራከሩ ግን አጠገባቸው ቁጭ ብሎ የሰማ ተመራማሪ ስንት ነው? እኔ ሰምቻለሁ። የታሪክ ትንተና ማለት ያ ነው። እነዚያ ድራማዎች ድንቅ ሥራዎች ናቸው አልልም፤ ብዙዎቹ አይደሉም። ነገር ግን ለተመልካቹ ጊዜ ሰጡት፤ የዛሬው ቂም ከሃምሳ ክፍል በኋላ ሲፈነዳ ያስታውሰዋል ብለው አመኑት። የኛው ፊልም ያን ያህል እንኳ አላመነውም።

ተመልካቹ ሲታመን የሚሠራው ሥራ ደግሞ አለን። የኃይሌ «ጤዛ» ያን ሁሉ ዘመን፣ ጀርመኑን፣ ደርጉን፣ ጎንደሩን፣ ከአንድ ቁስለኛ ሰው ትዝታ ጋር እያፈራረቀ ይነግረናል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በማግስቱ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት አግኝቷል። ፊልም ሠሪው ያሬድ ዘለቀም በአንድ ልጅና በአንዲት በግ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል ደረሰ። ውጭ አገር ተጨብጭቦላቸው እኛ ስማቸውን ብቻ ይዘን መኩራታችን ያንገበግበኛል። ፊልሙን ያላየ ሰው በሽልማቱ ምን አገባው?

ስለዚህ የምጠይቀው አዳራሽ ያላችሁን ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ለአንድ ሙሉ ሳምንት አሳዩት፤ በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ወሽቃችሁ ሳይሆን ቅዳሜና እሑድ ማታ፣ ለኮሜዲው በምትሰጡት ሰዓት፣ ለኮሜዲው በምትለጥፉት ፖስተር ልክ። ወንበሩ ባዶ ከሆነ ያን ጊዜ «ሕዝቡ አይፈልግም» በሉ፤ ከዚያ በፊት ግን ስሙን አታንሡ።