የደጋ አየር ወይስ ያረጀ ሞተር?

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ የሚወርደውን የሐረር ጎዳና የአገሩ ሰው «መኪና ግርግር» ይለዋል። ስሙን ያገኘው ግራና ቀኝ ከተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። ፈረስ መጋላም እንደ ስሙ የፈረስ ገበያ ነበር። ፈረስ ገዢ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት የፈረሱን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ሻጩ የነገረውን ዕድሜ ጥርሱ ከሚናገረው ዕድሜ ጋር ያስተያያል። ዛሬ ያገለገለ ሞተር ሳይክል የምንገዛ ብዙዎቻችን ግን የምናየው ቀለሙን፣ የምንሰማውም የሻጩን ቃል ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከእነዚህ ገዢዎች አንዱ ነበር።

ሞተር ሳይክሉን የገዛሁት ድሬዳዋ ላይ ያገለገሉ ሞተር ሳይክሎችን ከሚሸጥ አንድ ነጋዴ ነው። ስደርስ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ሞቆ ጠበቀኝ፤ ይህንንም እንደ መልካም አቀባበል ቆጠርሁት። በሜዳው መንገድ ጥቂት ነዳሁት፤ በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር አመሳከርሁ፤ ዋጋውንም ከፈልሁ። በዚያው ዕለት ወደ ሐረር ስመለስ የደንገጎን ዳገት እንደ ጀመርሁ ጉልበቱ ከዳው። በሦስተኛ ማርሽ ይወጣዋል ያልሁትን አቀበት በመጀመሪያ ማርሽ እየተንፏቀቀ ወጣው፤ ከኋላዬም ሰማያዊ ጭስ ተከተለኝ። መታጠፊያ ላይ የጭነት መኪና ከኋላ ሲደርስበት ጉልበት የሚያጣ ሞተር የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ጉዳይ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ቀዝቅዞ ያደረውን ሞተር ለማስነሣት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ሞተር ከመግዛት በፊት ቀዝቅዞ ሳለ ማስነሣት ለምን እንደሚያስፈልግ ያን ጊዜ ተማርሁ።

ይሉኝታ ይዞኝ ቆየሁና በ22ኛው ቀን ወደ ነጋዴው ተመለስሁ። እርሱም በትሕትና፣ «ወንድሜ፣ ይህ እኮ የሐረር ደጋ አየር ነው፤ ሞተሩ ሲለምደው ይተወዋል» አለኝ። መልሱ ፈጽሞ ሐሰት አልነበረም፤ አስቸጋሪነቱም እዚህ ላይ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል፤ ሞተሩም በአንድ ምት የሚስበው ኦክስጅን ያንሳል። ግማሽ እውነት ያለበትን ምክንያት መመርመር የሚቻለው «ምን ያህል?» ብሎ በመጠየቅ ነው።

እስቲ እናስላው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል፣ ሐረር ደግሞ 1,880 ሜትር ያህል ከፍ ይላሉ። የአየር ጥግግት በባሕር ጠለል ላይ 100 ቢሆን፣ በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት ድሬዳዋ ላይ ወደ 89፣ ሐረር ላይ ወደ 83 ይሆናል። ልዩነቱ 7 በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ ከፍታው ከሞተሩ ጉልበት ከዐሥር እጅ አንዱን እንኳ አይወስድም፤ የእኔ ሞተር ግን ግማሽ ያህሉን ያጣ ይመስል ነበር። አየሩ ለቀረው ጉድለት ተጠያቂ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ምስክር ጭሱ ነው። በካርቡራተር የሚሠራ ሞተር አየር ሲሳሳበት ቤንዚኑ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ይበዛል፤ ስለዚህ ጭሱ ጥቁር፣ የካንዴላውም ጫፍ በደረቅ ጥላሸት የተሸፈነ ይሆናል። ሰማያዊ ጭስ ግን የሚቃጠል የሞተር ዘይት ምልክት ነው። ካንዴላውን ፈትቼ ሳየው ጥቁርና በዘይት የራሰ ነበር። የነጋዴው መላ ምት አንድ ነገር ሲተነብይ፣ የታየው ሌላ ሆነ።

ሦስተኛውን ምርመራ ያደረግሁት ሸዋ በር አካባቢ ከሚሠሩ አንድ አንጋፋ መካኒክ ጋር ነው። በካንዴላው ቀዳዳ የግፊት መለኪያ ገጥመን፣ ቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍተን ሞተሩን በእግር መታን። የሞዴሉ መመሪያ 12 ባር ይላል። ሐረር ላይ የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ ከጤነኛ ሞተር ከ9.5 ባር የማይርቅ ንባብ ይጠበቃል። መለኪያው ያሳየን 6 ነበር። ከዚያ መካኒኩ፣ «ልጄ፣ አሁን ጥፋተኛውን እንለይ» ብለው በቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ አደረጉ። በድጋሚ ስንለካ 9 ሆነ። ዘይቱ በፒስተኑ ቀለበትና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት ለጊዜው ይደፍናል፤ የሚያፈሱት ቫልቮቹ ቢሆኑ ኖሮ ግን ንባቡ እምብዛም ባልተሻሻለ ነበር። ስለዚህ ያረጀው ቀለበቱ፣ መካኒኮች «ፋሻ» የሚሉት፣ ነው። ያረጀ ፋሻ ደግሞ የትኛውንም አየር «አይለምድም»።

ቁጥሮቹን ከነቀናቸው በአንድ ወረቀት ጽፌ ለነጋዴው አሳየሁት። ረዘም ላለ ጊዜ አነበበው፤ በመጨረሻም የጥገናውን ግማሽ ወጪ ለመክፈል ተስማማ። ግማሹ ግን የእኔ ዕዳ ሆኖ ቀረ፤ ምክንያቱም ዘግይቻለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዝዛል፤ ገዢም ዕቃውን መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ጉድለቱን እያወቀ የገዛ ሰው ግን በዚያ ጉድለት ሻጩን መጠየቅ አይችልም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደነገገ። እኔ 22 ቀን በይሉኝታ ተቀምጫለሁ።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት፣ ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት ገዢ ሊያውቅ በማይችልበት የአሮጌ መኪና ገበያ ምን እንደሚከተል አሳይቷል። ገዢው መልካሙን ከመጥፎው መለየት ስለማይችል ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ያቀርባል፤ የጤነኛ መኪና ባለቤት በዚህ ዋጋ መሸጥ ስለማያዋጣው ከገበያው ይወጣል፤ ገበያውም ለጉድለተኞች ይቀራል። ለዚህና ተከታይ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። እንግዲህ ስውር ጉድለት ገዢውን ብቻ ሳይሆን ሐቀኛውን ነጋዴም ይጎዳል።

በእኔ እምነት መፍትሔው ነጋዴን በጅምላ መወንጀል አይደለም። ያገለገለ ሞተር ሳይክል የሚሸጥ ሁሉ የሲሊንደሩን ግፊት፣ የፍሬኑንና የሰንሰለቱን ሁኔታ ከነቀኑ የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት ከሽያጩ ውል ጋር ቢያያይዝ፣ ገዢው ይጠበቃል፤ ሐቀኛው ሻጭም መልካም ዕቃውን በመልካም ዋጋ ይሸጣል። የቴክኒክ ኮሌጆችና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍሎች ደግሞ በገበያ ቀን አንድ የመለኪያ ጠረጴዛ ቢዘረጉ፣ ተማሪው በክፍል የተማረውን የጋዝ ሕግ ለሰው ገንዘብና ሕይወት ሲጠቅም ያየዋል።

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ውድ አንባቢያን፣ ሞተር ሳይክል ልትገዙ ስትሄዱ ሞተሩ ሞቆ ከጠበቃችሁ እስኪቀዘቅዝ ታገሡ፤ ዳገት ላይ ፈትኑት፤ የለካችሁትን ጻፉ፤ ጉድለት ካያችሁም በዚያው ሳምንት ተናገሩ። የፈረሱ ጥርስ ዛሬም አለ፤ የሚጠብቀው አፉን የሚከፍት ገዢ ነው።