ታሪክ የለውም የተባለ ከተማ

ወገኖቻችን ስለ ላስ ቬጋስና በዙሪያዋ ስላሉት ከተሞች ሲያወጉ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ አባባል አለ፤ «አገሩ ሥራ አለው፣ ታሪክ ግን የለውም።» አክሱምን፣ ጎንደርንና ሐረርን እያሰበ ላደገ ሰው፣ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ቀለም የተቀቡበት፣ ዛፎቹ በመደዳ የተተከሉበት ከተማ ትናንት እንደተተከለ ድንኳን ቢታየው አይፈረድበትም። ሆኖም አባባሉን አልቀበለውም። ታሪክ የሌለው ከተማ የለም፤ ታሪኩን የሚጠይቅለት ያጣ ከተማ እንጂ። ለዚህም ከላስ ቬጋስ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በሞሃቪ በረሃ የምትገኘውን ሄንደርሰንን ለምስክርነት ልጥራ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሄንደርሰንን የወለዳት ጦርነት ነው። በ1941 አሜሪካ ለአውሮፕላንና ለተቀጣጣይ ቦምብ መሥሪያ የሚሆን ማግኒዚየም የተባለ ቀላል ብረት በብዛት አስፈለጋት። ማዕድኑ በኔቫዳ ተራሮች ነበር፤ ኤሌክትሪኩ በ1935 ከተመረቀው ከሁቨር ግድብ፣ ውሃውም ግድቡ ካጠራቀመው ከሚድ ሐይቅ ይገኝ ነበር። ስለዚህ በግድቡና በላስ ቬጋስ መካከል በነበረው ባዶ ሜዳ ላይ ታላቅ ፋብሪካ ቆመ። ሥራው በተጧጧፈበት ወቅት ከ13 ሺህ በላይ ሰዎች ተሰማርተውበታል፤ በ1940 የኔቫዳ ሕዝብ በጠቅላላው 110 ሺህ ገደማ እንደነበር ስናስብ የጉዳዩ ግዙፍነት ይገባናል። ለሠራተኞቹ አንድ ሺህ ያህል ቤቶች በጥድፊያ ተሠሩ፤ የታሰበውም ጦርነቱ ሲያበቃ ተነቃቅለው እንዲነሡ ነበር።

ፋብሪካው በ1944 ሥራ አቆመ፤ ሕዝቡም ተበተነ። ቤቶቹ ግን አልተነሡም። የኔቫዳ መንግሥት ፋብሪካውን ገዛ፤ ልዩ ልዩ የኬሚካል ኩባንያዎች ገቡበት፤ በቀድሞው ሴናተር በቻርለስ ሄንደርሰን ስም የተጠራችው ሰፈርም በ1953 ወደ 7,400 ያህል ነዋሪዎች ይዛ ከተማ ተባለች። ለጊዜው ተብሎ የተሠራ ቤት ለልጅ ልጅ ሲተርፍ ማየት ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም።

ታሪክ ማለት ግን ውልደትና እድገት ብቻ አይደለም፤ የማን እንደነበረና ማን እንደተገፋበትም ጭምር ነው። ሸለቆው ከፋብሪካውም ከግድቡም በፊት የፓዩት ሕዝብ አገር ነበር። ፋብሪካው ጥቁር ሠራተኞችን ሲቀጥር መኖሪያቸውን ከነጮቹ ለይቶ፣ ካርቨር ፓርክ በተባለ ሰፈር አደረገው። የሰፈሩን ንድፍ ያወጣው ራሱ ጥቁር የሆነው ስመ ጥሩው አርክቴክት ፖል ዊልያምስ መሆኑ ለልብ ወለድ ጸሐፊ ብቻውን የአንድ መጽሐፍ ስንቅ ነው። ግንቦት 4 ቀን 1988 ደግሞ ለሮኬት ማገዶ የሚሆን ኬሚካል የሚያመርተው የፔፕኮን ፋብሪካ ፈንድቶ ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩም ቆሰሉ። የዚሁ ኬሚካል ዝቃጭ ከአካባቢው ፋብሪካዎች በመሬት ውስጥ ሰርጎ እስከ ሚድ ሐይቅ መድረሱ በ1997 ታወቀ፤ ለማጽዳትም ብዙ ዓመታት የፈጀ ሥራ ተጀመረ። ታሪክ የለውም የምንለው አፈር ይህን ሁሉ ይዟል።

ከዚያ ወዲህ ያለው እድገት አስደናቂ ነው። በ1990 ወደ 65 ሺህ የነበረው ነዋሪ በ2000 ከ175 ሺህ፣ በ2020 ደግሞ ከ317 ሺህ በላይ ሆነ። ብዙዎች ይህን «በረሃን ድል መንሣት» ይሉታል። እኔ ብድር እለዋለሁ። በ1922 ሰባት የአሜሪካ ግዛቶች የኮሎራዶን ወንዝ ሲከፋፈሉ ወንዙ ከእውነተኛው የበለጠ ውሃ እንዳለው አድርገው ቆጠሩ፤ በዳርቻው የኖሩትን ነባር ሕዝቦችም ወደ ድርድሩ አልጠሩም። በ1959 ግብፅና ሱዳን አባይን ያለ እኛ እንደተከፋፈሉት ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ የሩቅ ታሪክ ሊሆን አይችልም። የታችኛው ተፋሰስ ድርሻ በ1928 ሕግ ሲደለደል ለኔቫዳ የደረሳት ከመቶ አራት እጅ ብቻ ነበር። በሐምሌ 2022 ሚድ ሐይቅ በ1930ዎቹ ከሞላ ወዲህ ታይቶ ወደማያውቅ ዝቅታ ወረደ። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረታችን የኮሎራዶንም ልጆች አገኛቸው።

በዚያ ሸለቆ ከቤት ውስጥ በፍሳሽ የወጣ ውሃ ተጣርቶ ወደ ሐይቁ ይመለሳል፤ የተመለሰው ያህልም እንደገና ይቀዳል። ሣር የጠጣው ግን አይመለስም። ስለዚህ ነው ኔቫዳ በ2021 ባወጣችው ሕግ፣ ለዐይን እንጂ ለእግር የማያገለግል የመንገድና የሕንፃ ዳር ሣር ከ2027 መግቢያ ጀምሮ በኮሎራዶ ውሃ እንዳይጠጣ የወሰነችው። ወስዶ የሚመልስና ወስዶ የሚያስቀር በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

የእኛም ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። በ2023 የክላርክ ካውንቲ ባለሥልጣናት በላስ ቬጋስ ሸለቆ አንዱን ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብለው ሰይመዋል። ስም ካገኘን እንግዶች ነን ብለን ማምለጥ አንችልም። «አገሩ ታሪክ የለውም» ማለት ትሕትና ይመስላል እንጂ ከዕዳ መሸሻ ነው፤ ታሪክ የሌለው አገር የሚጠየቅበት ነገር የለውምና። የካርቨር ፓርክን ስም የማያውቅ ሰው የጎረቤቱን ቁስል አያውቅም፤ ውሃው ከወዴት እንደመጣ ያልጠየቀም ሲደርቅ ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም።

በዚያ በረሃ የምትኖሩ ባለ ብዕሮች ሆይ፣ የናፍቆት ግጥማችሁን ተዉ አልልም፤ ናፍቆት የስደት ቀለብ ነው። ነገር ግን ልጆቻችሁ የሚናፍቁት አገር ያው የምትኖሩበት በረሃ ነው። ስለ አባይ የጻፈ እጅ ስለ ኮሎራዶም ይጻፍ። ከተማው ለአንድ ጦርነት ዘመን በተሠሩ ጎጆዎች ተጀምሮ ሰማንያ ዓመት አልፎታል፤ በአማርኛ የሚተርክለት ይፈልጋል።