ተአምር አትበሉት

ግንቦት 15 በመጣ ቁጥር እዚህ ሰፈር የማየው ነገር ያው ነው። የዶክተር ካትሪን ሐምሊን ፎቶ፣ አንገቷን የደፋች ወጣት ሴት ምስል፣ ከሥሩ ደግሞ «ያለዕድሜ ጋብቻ ይቁም!» የሚል ጽሑፍ። ላይክ፣ ሼር፣ አሜን። በነጋታው ማንም አያስታውሰውም። ዘንድሮ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ትንሽ ይረዝማልና ታገሡኝ።

ሆስፒታሉን ልነቅፍ እንዳልተነሳሁ አስቀድሜ ልናገር። ለዚያ ቤት ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። የምከራከረው ታሪኩን ከምናወራበት መንገድ ጋር ነው።

ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲገቡ ፌስቱላ ሊያክሙ አልነበረም የመጡት። ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ውስጥ የአዋላጆች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ ነበር የተቀጠሩት፣ ውላቸውም የ3 ዓመት ነበር። ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸው፣ ከሰው የተገለሉ ሴቶች እየመጡ ደጃቸውን ሲያንኳኩ ግን መመለስ አልሆነላቸውም። በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታሉን መሠረቱ፣ ሕክምናውም በነፃ ሆነ። ዶክተር ሬጂናልድ በ1993 አረፉ። ዶክተር ካትሪን በ2020 በ96 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ እዚሁ ኖሩ። ከ60 ሺህ በላይ ሴቶች ታክመዋል። ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ላይ ቅርንጫፍ ሆስፒታሎች ተከፍተዋል። ቀዶ ሕክምናው ሙሉ በሙሉ ላልፈወሳቸው ደግሞ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ደስታ መንደር ተሠርቶላቸዋል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሰዎቹ የተጠሩት አዋላጅ እንዲያሠለጥኑ ነው። በስማቸው የሚጠራው የአዋላጆች ኮሌጅ የተከፈተው ግን በ2007 ነው። በመሃል 48 ዓመት አለ! ያ ሁሉ ዘመን ያየነው የተቀደደውን የመስፋት ሥራ ነው። የሰፊዎቹን እጅ ይባርክ። ግን እንዳይቀደድ ማድረግ የማን ሥራ ነበር?

ባዮሎጂ ያስተማርኳችሁ ታውቁታላችሁ፣ ለሌሎቻችሁ ልድገመው። ምጥ ሲጠናና ሕፃኑ አልወጣ ሲል ጭንቅላቱ የእናቱን ፊኛ ከዳሌ አጥንቷ ጋር ይጫነዋል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ደም የማይደርሰው ሥጋ ይሞታል፣ ይቀደዳል። ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ከዚያ በኋላ ሽንቱ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ይህ በ15 ዓመቷ ልጅ ይደርሳል፣ አምስተኛ ልጇን በምትወልድ የ32 ዓመት እናትም ይደርሳል። በሰዓቱ ኦፕራሲዮን ብታገኝ ግን ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ታዲያ ፖስተሩ ላይ ለምን ጋብቻ ብቻ ይጻፋል? እንዳትሳሳቱብኝ፣ ሕፃን ልጅ መዳር ወንጀል ነው፣ ዳሌዋ ሳይጠና የምታረግዝ ልጅ አደጋዋም ይብሳል። ጥፋቱን ሁሉ «ጎጂ ልማድ» ላይ መጫን ግን ይመቻል። ልማድ ካልን ጥፋተኛው ያልተማረው ገበሬ ነው። መንገድ አልነበረም፣ አምቡላንሱ ነዳጅ የለውም፣ ሐኪሙ ተዛውሯል ካልን ግን ጥፋተኛው ደመወዝ የሚበላ ሰው ይሆናል። በጀት የሚያዘውን ሰው የሚጠይቅ ፖስተር እስካሁን አላየሁም።

ገጠር ባስተማርኩባቸው ዓመታት ወላድ በቃሬዛ ስትወሰድ አይቻለሁ። ተሸካሚዎቹ ጎረቤቶቿ ነበሩ፣ ባሏም ከፊት ሆኖ ይሸከም ነበር። «ኋላ ቀር» የምንላቸው ሰዎች የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል። የራቀው ሆስፒታሉ ነው።

ኒውዮርክም እኮ በ1855 ዋነኛ ሥራው ፌስቱላ መጠገን የሆነ የሴቶች ሆስፒታል ነበራት። በኋላ የተዛወረበት ቦታ ላይ ዛሬ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ቆሟል። በሽታው ከዚያ አገር የጠፋው ሴቶቹን በመምከር አይደለም። ምጥ የጠናባት ሴት ቶሎ ሐኪም ጋ መድረስ ስለቻለች ነው።

የእኛም አገር ቁጥር ይህንኑ ይናገራል። በ2005 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱት ከ100 እናቶች 5 ብቻ ነበሩ። በ2011 ወደ 10፣ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 ደረሱ። በ14 ዓመት ውስጥ የእናቶቻችን ባህል ተቀይሮ ነው? አይመስለኝም። ጤና ጣቢያ ሲቀርባቸው ሄዱ፣ አለቀ። ይህን ያመጡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና አዋላጆች ፎቶ ግንቦት 15 ላይ ሲለጠፍ አይቼ አላውቅም። ፌስቱላን እስከ 2020 እናጠፋለን ተብሎም ነበር። ዓመቱ አልፏል፣ በሽታው ግን አሁንም አለ። ከ100 48 ማለት እኮ 52ቱ ቤታቸው ወለዱ ማለት ነው።

ሌላው የሚያናድደኝ ምስሉ ነው። የምታለቅስ፣ የተጣለች፣ ፊቷ በግልጽ የሚታይ ሴት። ያቺ ሴት ታክማ አገሯ ስትመለስ ጎረቤቶቿ ስልካቸው ላይ እንዲያዩዋት ነው? ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን አስታውሱ። በ1962 ምጥ ጎድቷቸው ታካሚ ሆነው መጡ፣ ፊደል እንኳ አልቆጠሩም ነበር። አልጋ በማንጠፍ ጀምረው፣ የሕክምና ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ ዓለም ያወቃቸው የፌስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ። በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ሸልሟቸዋል። ማገገም ማለት ይህ ነው፦ ከቁስል መዳን ብቻ ሳይሆን ሥራና ክብር ማግኘት። እኛ ግን የምንለጥፈው እንባውን ነው።

«ተአምር ነው» የምትሉኝም አላችሁ። ተአምር ካልነው ከማንም ምንም አንጠይቅም፣ አመስግነን እንተኛለን። እኔ የማየው የ60 ዓመት ልፋት ነው፣ ልፋት ደግሞ በጀት ይፈልጋል። ሐምሊኖችን ማክበር የፈለገ ሰው መጀመሪያ የመጡበትን ሥራ ይጨርስላቸው፦ ለየጤና ጣቢያው አዋላጅ፣ ለአዋላጇ ማደሪያ ቤት፣ ሩቅ ለሚኖሩ እናቶች ማቆያ፣ ለአምቡላንሱ ነዳጅ፣ በየወረዳው ሌሊትም ኦፕራሲዮን የሚሠራ ሐኪም።

ስለዚህ ኮሜንት ላይ «አሜን» አትጻፉልኝ። የተወለዳችሁበትን ወረዳ ጻፉና፣ ከዚያ ተነስቶ ኦፕራሲዮን የሚሠራበት ሆስፒታል ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ንገሩኝ። የማታውቁ ካላችሁ ዛሬውኑ እናቶቻችሁ ጋ ደውሉና ጠይቁ። እነሱ ያውቁታል።