አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠሩትን የቴሌቪዥን ሳይንሳዊ ልብ ወለዶች ዛሬ መለስ ብሎ የሚያይ ሰው ቶሎ የሚታዘበው ነገር አለ፤ የጠፈር መርከቧ ስንት የብርሃን ዓመት ተጉዛ የምታርፍበት ፕላኔት ደጋግሞ ምድርን መስሎ ይገኛል። በ«ስታር ትሬክ» አንዱ ፕላኔት የቺካጎን ወሮበሎች ከነባርኔጣቸው ይዞ ይጠብቃል። ሌላው ላይ ሮም ጨርሶ አልወደቀችም፤ ግላዲያተሮቿ የሚጋደሉት በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት ነው። ምክንያቱ ምስጢር አይደለም፣ ገንዘብ ነው። ስቱዲዮው ለሌላ ፊልም ያሠራው መንደርና ያሰፋው ልብስ እያለ አዲስ ዓለም የሚገነባበት በጀት አልነበረውም። ብዙ ተቺዎች የትይዩ ምድርን ታሪክ የቸገረው ሰው ዘዴ ብለው የሚያልፉት ስለዚህ ነው። ስለ መነሻው ልክ ናቸው፤ ስለ ዋጋው ግን ተሳስተዋል። ከእነዚህ ታሪኮች ውስጥ የተሳካላቸው እኛ ስለ ታሪካችን ስንከራከር የጎደለንን አንድ ሥርዓት ያውቁታል፤ አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ የቀረውን እንዳለ መተውን።

ያልተሳካላቸውም አሉ፤ እነሱን መሸፈን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1966 በታየው የ«ስታር ትሬክ» ክፍል «ሚሪ» መርከበኞቹ አህጉሮቿ ሳይቀሩ ምድርን የምትመስል ፕላኔት ያገኛሉ፤ እንዴት እንዲህ ልትሆን እንደቻለች ግን እስከ መጨረሻው የሚነግረን የለም፤ መመሳሰሏም ለታሪኩ አንዳች አይሠራም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1963 በሌላው ተከታታይ በ«ትዋይላይት ዞን» የቀረበው «ዘ ፓራለል» የተሻለ ነው። ከጠፈር የተመለሰው ሻለቃ ቤቱ ያልነበረ አጥር ታጥሮ፣ ማዕረጉ ኮሎኔል ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ኬኔዲ የሚባል ፕሬዚዳንት የሚያውቅ ሰውም ያጣል። በእውነተኛው ዓለም ኬኔዲ የተገደሉት ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ ይህን ይዞ ዛሬ የሚያየው ተመልካች ደራሲው ያላሰበው ድንጋጤ ይደርስበታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጀሮም ቢክስቢ የጻፈውና እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1967 የታየው የ«ስታር ትሬክ» ክፍል «ሚረር፣ ሚረር» ነው። ካፒቴን ከርክና ሦስት ጓዶቹ በአደጋ ወደ ሌላ መርከብ ይሻገራሉ፤ መርከቧ ያችው፣ ባልደረቦቹም እነዚያው። የተቀየረው ሥርዓቱ ነው፤ እዚያ ሰው የሚሾመው አለቃውን ገድሎ ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የመርከቧን መኮንን የስፖክን ጺም ነው፤ ጺሙን አልፎ የሚያይ ግን ስፖክ ያው ስፖክ መሆኑን ያስተውላል። ነገሩን በምክንያት ይመዝናል፣ ጭካኔን ለጭካኔነቱ አይወደውም፣ ግን የጨካኝ መንግሥት ታማኝ አገልጋይ ነው። ታሪኩን ትልቅ የሚያደርገው ይህ ነው፤ «ክፉ ሰዎች ክፉ ዓለም ሠሩ» ብሎ አይገላገልም። ከ27 ዓመት በኋላ ሌላው የ«ስታር ትሬክ» ተከታታይ «ዲፕ ስፔስ ናይን» ወደዚያ ዓለም ሲመለስ ደግሞ ሌላ ነገር እናገኛለን። ስፖክ ከርክ ሲለያዩ «ሥርዓቱን ለውጥ» ብሎ የመከረውን ሰምቶ ግዛቱን አሻሽሏል፤ የተሻሻለው ግዛት መከላከያው ላልቶ በጠላቶቹ ተወርሯል፤ የምድር ሰዎችም ባሪያ ሆነዋል። በጎ ምክር ሒሳብ አለው ማለት ነው። ይህን ደፍሮ የሚናገር የታሪክ ክርክር በእኛ አገር ብዙም አልሰማሁም።

የእንግሊዞቹ «ዶክተር ሁ» እ.ኤ.አ. በ1970 በሰባት ክፍል ያቀረበው «ኢንፌርኖ» ለእኔ ሐሳብ እንቅፋት ይመስላል። በትይዩዋ ብሪታንያ ንጉሣውያኑ ተረሽነዋል፤ አገሪቱ በአምባገነን እጅ ናት፤ ከድራማው የምናውቀው ጨዋ የጦር መኮንን አንድ ዓይኑን የሸፈነ ጨካኝ ሆኗል። ሥርዓት ሰውን ይለውጣል ለሚል ሰው ምቹ ማስረጃ ነው። የምድርን ቅርፊት የሚቦረቡረው ፕሮጀክት መሪ ግን በሁለቱም ዓለም ያው ግትር ሳይንቲስት ነው፤ በሁለቱም ዓለም ምክር አይሰማም። አምባገነኖቹ በቁፋሮው ቀድመው ስለነበር ጥፋቱ መጀመሪያ እነሱን በላ፤ ነጻዋ ብሪታንያ የዳነችው የድራማው ጀግና ዶክተሩ የትይዩዋን መጨረሻ አይቶ ስለተመለሰ ነው። እንግዲህ ሥርዓት ሁሉን አይገልጽም። ግን ከሥርዓት የሚመጣውንና ከሰውየው የሚመጣውን መለየት የቻልነው አንድ ነገር ተቀይሮ ሌላው ባለበት ስለቆየ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ «ቢሆን ኖሮ» የማይባልበት የቡና ወግ የለም። የካቲት 23 በመጣ ቁጥር ዓድዋ ላይ ብንሸነፍ ኖሮ ይባላል፤ የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.ቱ የእነ ጀኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ቢሳካ ኖሮ ይባላል። ክርክሩ ግን ሁልጊዜ አንዱን ወገን ከታሪክ አውጥቶ መጣል ነው። እነ እገሌ ባይኖሩ ገነት፣ እነ እገሌ ባይመጡ ሲኦል ይሆናል። ታኅሣሥ ቢሳካ የመሬት ሥሪቱ እንዴት ይሆን ነበር፣ ሠራዊቱስ ወደ ሰፈሩ ይመለስ ነበር ወይ ብሎ እስከ መጨረሻው የሚከተል ብርቅ ነው።

ይህን በትይዩ ዓለም ድራማ እንሞክረው ቢባል፣ የታሪካችን ቁስል ሳይሽር እንዲህ ያለ ድራማ መሥራት እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው የሚል ይኖራል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ደራሲዎቻችን ከዚህ በባሰ ዘመን ሞክረውታል። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ«ፋቡላ» አውሬዎችን አናግረው አስተዳደሩን ተቹ፤ ቴአትሩ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። አቤ ጉበኛ ገና በማኅፀን ያለ ልጅ «አልወለድም» ብሎ ሲሟገት አሳየን፤ መጽሐፉ በንጉሡ መንግሥት ታገደ። ሁለቱም እንደሚያሳዩት የሚያስቆጣው ምናባዊው ዓለም ሳይሆን እውነተኛውን መምሰሉ ነው። ስሜት የሚያግለውም በዳይና ተበዳይን አስቀድሞ የለየ ታሪክ እንጂ ሰዎቹን እንዳሉ ትቶ ሁኔታቸውን የሚቀይር ታሪክ አይደለም።

ደግሞም ከዓድዋ መጀመር ግዴታ አይደለም፤ ከተማችን ሐዋሳ ራሷ ትበቃለች። የቀድሞው የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ይርጋለም ነበረች፤ ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ በራስ መንገሻ ሥዩም የአስተዳደር ዘመን ተቆረቆረችና ቆይቶ መቀመጫነቱ ወደ እሷ ዞረ። መቀመጫው ከይርጋለም ባይነሳስ? ዩኒቨርሲቲውና ኢንዱስትሪ ፓርኩ የት ይሆኑ ነበር? ዛሬ በታቦር ተራራ ሥር ቤት የሠራው ሰው የት ይኖር ነበር? የከተማዋ ጎረቤት ጨለለቃስ እንደ ድሮው ሐይቅ ሆና ትቀር ነበር ወይስ በደለል ተሞልታ ረግረግ መሆኗ አይቀርም ነበር? ረግረግ መሆኗ ከአካባቢው ደን መመንጠር ጋር የተያያዘ ነገር ነውና ከተማዋ ባትኖርም አይቀር ይሆናል፤ ያም ራሱ መልስ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚረገም ወገን የለም፤ የሚያስጠይቅ ውሳኔ ግን አለ። ወጪውም ያን ያህል አይደለም፤ የአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎች፣ ፒያሳና የይርጋለም መንገድ እንዳሉ አሉ፤ የጠፈር መርከብ አያስፈልግም። ሲዳማ ሚዲያ ኔትዎርክ መቀመጫው እዚሁ ከተማችን ነው፤ የድራማ ክፍሉ አንድ የአርባ ደቂቃ ሥራ በዚህ ሐሳብ ላይ ቢሞክር እኛ ተመልካቾች ለመከራከር ዝግጁ ነን።