ኤልቪስ ፕሬስሊና ያልተከፈለው ዕዳ

ስለ አሜሪካዊው ዘፋኝ ስለ ኤልቪስ ፕሬስሊ የሚደረገው ክርክር፥ ሰውዬው በ1977 ከሞተ ወዲህ እንኳ ሊበርድ አልቻለም። በአንድ ወገን የቆሙት፥ የሮክ ኤንድ ሮል ንጉሥ እርሱ ብቻ ነው፤ ከእርሱ በፊት የዘፈኑት ሁሉ መንገድ ጠራጊዎች ነበሩ ይላሉ። በሌላው ወገን የቆሙት ደግሞ፥ ይህ ሰው የጥቁር አሜሪካውያንን ዜማ ወስዶ በነጭ ፊቱ የሸጠ፥ አንድም ዘፈን በገዛ እጁ ያልደረሰ፥ በጕሮሮው ሳይሆን በመልኩና በወገቡ የከበረ ሰው ነው ሲሉ ይከሱታል። ፐብሊክ ኤነሚ የተባለው የራፕ ቡድን በ1989 ባወጣው «ፋይት ዘ ፓወር» በተባለው ዘፈን ኤልቪስን በስሙ ጠርቶ ካወገዘው ወዲህ የከሳሾቹ ድምፅ ጐልቷል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

እኛ እንደምናየው ግን፥ ሁለቱም ወገኖች የችሎታን ነገርና የገንዘብን ነገር በአንድ አቁማዳ ጨምረው ይመዝናሉ። ሰውዬው መዝፈን ይችል ነበርን? የሚለው በጆሮ የሚፈረድ ጥያቄ ነው። የዘፈኖቹ ባለቤቶች ድርሻቸውን አገኙን? የሚለው ደግሞ በውልና በመዝገብ የሚፈረድ ነው። አንዱን በሌላው መልስ ለመዝጋት መሞከር ደግ ፍርድ አይደለም። ይሁን እንጂ ሁለቱ ነገሮች በኤልቪስ ሕይወት ውስጥ የተጋጠሙበት አንድ ስፍራ አለ፤ ወደ እርሱ በኋላ እንደርሳለን።

ኤልቪስ ጃንዋሪ 8 ቀን 1935 በሚሲሲፒ ግዛት ቱፔሎ በምትባል ከተማ፥ ሁለት ክፍል ባላት የእንጨት ቤት ተወለደ። ወላጆቹ ድኾች ነበሩ፤ አባቱም በአንድ የቼክ ማጭበርበር ምክንያት ታስሮ ያውቃል። ቤተሰቡ በ1948 ወደ ሜምፊስ ተዛወረ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡብ ነጭና ጥቁር በትምህርት ቤት፥ በአውቶቡስ፥ በምግብ ቤት በሕግ የተለያዩ ነበሩ። ሬዲዮን ግን አጥር አያግደውም። ደብልዩ ዲ አይ ኤ የተባለው የሜምፊስ ጣቢያ ፕሮግራሙን በሙሉ ለጥቁር አድማጮች የሰጠ የመጀመሪያው የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያ ሲሆን፥ ኋላ ስሙ የገነነው ቢ ቢ ኪንግ በዚያ ይሠራ ነበር። ነጩ የድኻ ልጅ ብሉዙንም፥ የነጭ ባላገሮችን የካንትሪ ዘፈንም፥ የጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያኑን መዝሙርም እየሰማ አደገ። ከማን ተማረ ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም።

ጁላይ 5 ቀን 1954 ማታ የሆነውን ነገር ግን በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል፤ ክርክሩ ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ነውና። ኤልቪስ የ19 ዓመት ወጣትና የጭነት መኪና ነጂ ነበር። የሰን ሸክላ ኩባንያ ባለቤት ሳም ፊሊፕስ ከጊታር መቺው ከስኮቲ ሙርና ከባስ መቺው ከቢል ብላክ ጋር አገናኝቶ ይፈትነው ጀመር። ለስላሳ ዘፈኖች ሲሞክሩ አምሽተው አንዳችም የረባ ነገር አልተገኘም። በዕረፍት ሰዓት ኤልቪስ ጊታሩን አንሥቶ፥ አርተር ክሩዳፕ የተባለው ጥቁር የብሉዝ ዘፋኝ በ1946 የቀረጸውን «ዛትስ ኦል ራይት» የተባለ ዘፈን ለቀልድ ያህል እየዘለለ ሲዘፍን፥ ሁለቱ ባልደረቦቹ ተከተሉት። ፊሊፕስ ከመቅረጫው ክፍል ሆኖ ይህን በሰማ ጊዜ ከመጀመሪያው እንዲደግሙት አዘዘ። በሸክላው ሁለተኛ ፊት የገባው ደግሞ ቢል ሞንሮ የተባለው ነጭ የካንትሪ ዘፋኝ በዋልስ ምት በቀስታ የዘፈነው «ብሉ ሙን ኦቭ ኬንታኪ» ነው፤ እነርሱ ምቱን ለውጠው አፋጠኑት። እንግዲህ በዚህ የመጀመሪያ ሸክላ ላይ በአንድ ፊት የጥቁር ሰው ዘፈን፥ በሌላው ፊት የነጭ ሰው ዘፈን አለ፤ ሁለቱም እንደተገኙ አልቀሩም። የክሩዳፕ አዘፋፈን ከባድና መሬት የረገጠ ነው፤ የኤልቪስ ግን ከበሮ እንኳ ሳይኖረው ይበራል። አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው የሚል ሰው ሁለቱን አከታትሎ አልሰማም ማለት ነው።

ይህ ዘፈን ከተቀረጸ ከጥቂት ቀናት በኋላ ዲዊ ፊሊፕስ የተባለ የሜምፊስ የሬዲዮ ሰው በጣቢያው አሰማው፤ ስልኩም ያለ ዕረፍት ይጮህ ጀመር። ወጣቱን አስጠርቶ በሬዲዮ ካቀረበለት ጥያቄ አንዱ የትኛው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደተማረ ነበር። ሂዩምስ ብሎ ሲመልስ የከተማው ሰው ሁሉ ነጭ መሆኑን ዐወቀ፤ ትምህርት ቤቶቹ በቀለም የተለዩ ነበሩና። ድምፁን ቀለሙ አልሰጠውም፤ በሩን ግን ቀለሙ ከፈተለት። በሴፕቴምበር 9 ቀን 1956 በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ሲቀርብ 60 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ተመለከተው። በዚያ ዓመት ለአንድ ጥቁር የብሉዝ ዘፋኝ እንዲህ ያለ በር ይከፈት ነበር ብሎ የሚከራከር የኤልቪስ ወዳጅ ካለ፥ ከእርሱ ጋር ልንስማማ አንችልም።

አንድም ዘፈን አልደረሰም የሚለው ክስ ግን እኛን ብዙ አያስጨንቀንም። በእኛ አገር ግጥሙን አንዱ፥ ዜማውን ሌላው፥ ዘፈኑን ሦስተኛው ሲሠራው ኖሯል፤ ጥላሁን ገሠሠ የሌሎችን ግጥምና ዜማ ስለ ዘፈነ ድምፁ የእርሱ አይደለም ያለ ሰው አልሰማንም። የኤልቪስን ችሎታ የሚያስመሰክረው ብዕሩ ሳይሆን የመምረጥና የመለወጥ ኃይሉ ነው። ጁላይ 2 ቀን 1956 በኒው ዮርክ በአርሲኤ ስቱዲዮ «ሃውንድ ዶግ»ን 31 ጊዜ ደጋግሞ ዘፈነ። ሌሎቹ ይበቃል ሲሉ እርሱ እንደገና ይል ነበር። በዚያው ቀን «ዶንት ቢ ክሩል» 28 ጊዜ ተደገመ። በመልኩ ብቻ የሚኖር ሰው እንዲህ አይደክምም። በ1960 ደግሞ «ኢትስ ናው ኦር ኔቨር»ን በጣሊያኑ «ኦ ሶሌ ሚዮ» ዜማ ሲዘፍን፥ መጮህ እንጂ መዝፈን አይችልም ያሉት ጋዜጠኞች አፋቸው ተዘጋ። በሕይወት ሳለ ያገኛቸው የውድድር ግራሚዎች ሦስት ሲሆኑ፥ ሦስቱም የተሰጡት ለሮክ ኤንድ ሮል ሳይሆን ለመንፈሳዊ መዝሙር ነው። ወገቡን እንጂ ጕሮሮውን አላየንም ለሚሉ ይህን እናስታውሳቸዋለን።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ነገሩ ይጨልማል።

«ሃውንድ ዶግ»ን አስቀድማ የዘፈነችው ቢግ ማማ ቶርንተን የተባለች ጥቁር ሴት ናት። የእርስዋ ሸክላ በ1953 ወጥቶ በጥቁሮች ገበያ ሰባት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ነበር። እርስዋ እንደተናገረችው ግን ያገኘችው ክፍያ አንድ የ500 ዶላር ቼክ ብቻ ነው። ሆኖም የዘፈኑ ደራስያን ጄሪ ሊበርና ማይክ ስቶለር የተባሉ ሁለት ወጣት አይሁዳውያን ነበሩ፤ ኤልቪስም ዘፈኑን የወሰደው በላስ ቬጋስ ለውጠው ይዘፍኑት ከነበሩት ከፍሬዲ ቤልና ጓደኞቹ ነው። ነገሩ ነጭ ከጥቁር ሰረቀ በሚል አንድ ቃል የማይጠቀለለው ስለዚህ ነው። አርተር ክሩዳፕንም ያስራበው ኤልቪስ አልነበረም። ሌስተር ሜልሮዝ የተባለው የሙዚቃ ነጋዴ ኤልቪስ ገና ልጅ ሳለ በተጻፈ ውል የክሩዳፕን ዘፈኖች መብት ይዞ ነበር። ክሩዳፕ ተስፋ ቈርጦ ሸክላ መቅረጹን ተወ፤ በ1974 ሲሞትም የሚገባውን ገንዘብ አላገኘም።

ኤልቪስ ውለታውን በቃል አልካደም። በ1956 ለጋዜጠኛ ሲናገር፥ ጥቁሮች ይህንኑ ሲዘፍኑ እርሱ ከሚያውቀው ጊዜ በላይ እንደኖሩ ገልጾ፥ አርተር ክሩዳፕን በስሙ ጠቅሶታል። በጥቁሮች ላይ ክፉ ቃል ተናገረ የሚለውንም ወሬ የጥቁሮቹ መጽሔት «ጄት» በ1957 መርምሮ ማስረጃ አላገኘበትም። በ1969 በላስ ቬጋስ ጋዜጠኞች ንጉሥ ሲሉት፥ እዚያ ወደ ነበረው ወደ ፋትስ ዶሚኖ አመልክቶ እውነተኛው ንጉሥ እርሱ መሆኑን ተናግሯል።

ነገር ግን ምስጋና ደመወዝ አይሆንም። «ዶንት ቢ ክሩል»ን የደረሰው ኦቲስ ብላክዌል የተባለ ጥቁር የዘፈን ደራሲ ሲሆን፥ በወረቀቱ ላይ ግን የኤልቪስ ስም እንደ ደራሲ አብሮ ገባ፤ ግማሹም ገቢ ወደዚያ ሄደ። ካልፈረምክ አይዘፈንልህም ነው ነገሩ። ልማዱ የኤልቪስ ፈጠራ አልነበረም። ቸክ ቤሪ በ1955 በደረሰው «ሜይቤሊን» ላይ አላን ፍሪድ የተባለው የሬዲዮ ሰው ስሙ እንደ ደራሲ ገብቶ ነበር። ይሁንና ልማድ ነው ማለት ነጻ አያወጣም። ኤልቪስ ስሙ ባልደረሰው ዘፈን ላይ መጻፉን ያውቅ ነበር፤ ዝም አለ፤ ገንዘቡንም ተቀበለ። እኛ የምንፈርድበት በዚህ ነው እንጂ የክሩዳፕን ዘፈን ስለ ዘፈነ አይደለም።

ከላይ የጠቀስነው የሁለቱ ነገሮች መጋጠሚያ እንግዲህ ይህ ነው። ሥራ አስኪያጁ ኮሎኔል ቶም ፓርከርና የዘፈን አሳታሚዎቹ፥ ከድርሻው ቈርሶ የማይሰጥ ደራሲ ዘፈኑ ለኤልቪስ እንዳይደርስ አደረጉ። ጥሩ ጥሩዎቹ ደራስያን ሌላ ዘፋኝ ፈለጉ፤ ለኤልቪስ የቀረለት እሺ የሚሉት ደራስያን ዘፈን ሆነ። ከ1956 እስከ 1969 በ31 ፊልሞች ላይ ሲጫወት፥ በተለይ በ1960ዎቹ የዘፈናቸው የፊልም ዘፈኖች ብዙዎቹ የሚያሳፍሩ ናቸው። ያን ጊዜ ድምፁ አልደከመም ነበር፤ ዘፈኑን የሚመርጠው ግን ጆሮው መሆኑ ቀርቶ ውሉ ሆነ። የሌላውን ሰው ድርሻ ለመብላት የተዘረጋው መረብ ራሱን ዘፋኙን ያዘው።

ማስረጃ የሚሻ ካለ ሁለት ዘፈኖች ይበቁታል። በ1969 በሜምፊስ በቺፕስ ሞማን ስቱዲዮ «ሰስፒሽየስ ማይንድስ» በሚቀረጽበት ጊዜ የፓርከር ሰዎች እንደ ልማዳቸው ድርሻ ጠየቁ፤ ሞማን እንቢ አለ፤ ዘፈኑ ሳይቈረስ ወጣ። ይህም በሕይወት ሳለ በአሜሪካ አንደኛ የሆነለት የመጨረሻው ዘፈኑ ነው። በ1974 ደግሞ ዶሊ ፓርተን የደረሰችውን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» ሊዘፍን ተነሥቶ ነበር። ፓርከር የመብቱን ግማሽ ጠየቃት፤ እርስዋም እያለቀሰች እንቢ አለች። ኤልቪስ ያን ዘፈን ሳይቀርጸው ሞተ። በ1992 ዊትኒ ሂዩስተን ዘፍናው ዓለም ሁሉ ሲሰማው፥ የደራሲዋ ድርሻ ለዶሊ ፓርተን ደረሰ። ኤልቪስ በዚያ ድምፁ ይህን ዜማ እንዴት ያደርገው ነበር እያልን የምናስበው እኛ ብቻ አንሆንም።

እርሱም ቢሆን ከውል ቢላዋ አልዳነም። በ1973 ፓርከር ከዚያ በፊት የተቀረጹትን ሸክላዎች የወደፊት ገቢ ለአርሲኤ ኩባንያ በ5.4 ሚሊዮን ዶላር አስሸጠው፤ ከዚያም ውስጥ ግማሹን ሥራ አስኪያጁ ወሰደ። ኦገስት 16 ቀን 1977 በ42 ዓመቱ ሲሞት ሕመምና መድኃኒት ሰውነቱን ጨርሶት ነበር። እርሱና ክሩዳፕ በአንድ መዝገብ የሚጻፉ ቢሆኑም ጕዳታቸው ግን አይተካከልም፤ አንዱ በግሬስላንድ ቪላ፥ ሌላው በባዶ እጁ ሞቷልና።

ይህ ስም በአዲስ አበባም ባለቤት አግኝቶ ነበር። በፖሊስ ኦርኬስትራ ያደገውና በ2021 ያረፈው ዓለማየሁ እሸቴ፥ በወጣትነቱ የኤልቪስን ዘፈኖች ይዘፍን ስለ ነበር የኢትዮጵያ ኤልቪስ ተባለ። ጠጕሩንና እንቅስቃሴውን ከአሜሪካ ተዋሰ፤ የዘፈናቸውን የአማርኛ ዘፈኖች ግን ከቱፔሎ ወይም ከሜምፊስ የመጡ ናቸው የሚል የለም። ሰዎች መዋስን ሁሉ ስርቆት ሲሉ ስንሰማ ይህን ሰው እናስባለን።

ክርክሩን ለመቀጠል የሚፈልግ ተማሪ ካለ፥ በጽሑፍ ከመከራከሩ በፊት አንድ ምሽት ለጆሮው ቢሰጥ እንወዳለን። የክሩዳፕን «ዛትስ ኦል ራይት» ያስቀድም፤ ከዚያ የኤልቪስን ያሰማ። የቶርንተንን «ሃውንድ ዶግ» ከኤልቪስ ጋር ያነጻጽር፤ በዚህኛው እኛ የምንመርጠው የእርስዋን ነው። ከዚያም ከ1960ዎቹ የፊልም ዘፈኖች አንዱን እንደ ምንም ታግሦ ይስማና ወደ «ሰስፒሽየስ ማይንድስ» ይሻገር።